የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተልዕኮና እሴቶች፡ ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ምን ማወቅ አለበት?

የተማሪዎች ምዝገባ የሚካሄድበት የክረምት ማብቂያ ለብዙ ቤተሰብ አስጨናቂ ወቅት ነው። በገጠር ጎተራው ሳስቷል፤ አዝመራው ገና በማሳ ላይ ነው፤ ለሽያጭ የሚቀርብ እህል የሚገኘው ከወራት በኋላ ነው። በከተማም የቤት ኪራይ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ተደራርበው ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ልጅን የት ማስተማር ይሻላል የሚለው ጥያቄ የኪስም የልብም ጥያቄ ይሆናል።

በአቅራቢያቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ያለ ወላጆች ደግሞ ሌሎች ጥያቄዎች ይጨምሩበታል። ልጄ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ይገፋፉት ይሆን? ትምህርት ቤቱ ለድኻ የቆመ ነው ከተባለ ለምን ያስከፍላል? ሥነ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው ሲባል ዱላ አለ ማለት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ትምህርት ቤቶቹ ለምን ዓላማ እንደተቋቋሙ፣ በምን እሴት እንደሚመሩና የሀገሪቱ ሕግ ምን እንደሚፈቅድላቸው በማወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጉዳዮች በቅደም ተከተል ያብራራል፤ በመጨረሻም ወላጅ ከምዝገባ በፊት ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ያቀርባል። የዓመተ ምሕረት አቆጣጠሩ፣ በግልጽ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ባለቤት ማን ነው?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባላት ከኢትዮጵያ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክ ሙያ ድረስ የሚያስተምሩ ተቋማት በበርካታ የሀገሪቱ ክፍሎች አሏት። ከምእመናኑ ቁጥር ማነስ የተነሳ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ወንበር ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤቶቹን ተልዕኮ ለመረዳት ይህ ሁኔታ መነሻ ነው።

ሁሉም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጽሕፈት ቤት የሚመሩ አይደሉም። አንዳንዶቹ በሀገረ ስብከት ሥር ናቸው። ለምሳሌ የጉራጌን አካባቢ የሚያካልለው የእምድብር ሀገረ ስብከት በ2003፣ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ደግሞ በ2015 ተቋቁመዋል። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የሚመሩት በገዳማውያን ማኅበራት ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ ያሉትን የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የላሳል ወንድሞች ያስተዳድራሉ። በመቐለ ያለው የዶን ቦስኮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ የሳሌዥያን ማኅበር ነው።

ማኅበራቱ የየራሳቸው መሥራችና የማስተማር ልማድ ስላላቸው፣ አንዱ ትምህርት ቤት በአካዳሚክ ውጤት፣ ሌላው በእጅ ሙያ፣ ሌላው ሴት ልጆችን በማስተማር ሊታወቅ ይችላል። ሁሉንም የሚያስተሳስረው ግን አንድ የጋራ ሰነድ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 28 ቀን 1965 ስለ ትምህርት ያወጣው መግለጫ፣ ማንኛውም የሰው ልጅ በሰብአዊ ክብሩ ምክንያት የመማር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የልጆች የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውንም ያስገነዝባል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ለድኾች፣ የቤተሰብ ድጋፍ ለተነፈጋቸውና ከእምነቱ ውጭ ላሉ ልጆች ልዩ ትኩረት እንዲሰጡም ያሳስባል።

ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ተልዕኮ በአጭሩ ይህ ነው፦ የልጁን አእምሮ፣ ጠባይና ኅሊና አንድ ላይ ማነጽ፣ ለተቸገረው ቅድሚያ መስጠትና ከወላጅ ጋር መሥራት።

ዓላማው ከየት መጣ?

የዛሬዎቹ ትምህርት ቤቶች እሴት የመሥራቾቻቸው የሕይወት ታሪክ ውጤት ነው። ታሪኩ ደግሞ ለአርሶ አደር ቤተሰብ እንግዳ አይሆንም።

የላሳል ወንድሞች ማኅበር መሥራች ዮሐንስ ባብቲስት ደ ላ ሳል በ1651 በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በዘመኑ በቂ ትምህርት የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ብቻ ነበር፤ ለድኻ ልጆች የሚመደቡት መምህራንም ያልሠለጠኑ ነበሩ። ደ ላ ሳል መምህራኑን አሰባስቦ ማሠልጠን ጀመረ። በ1680ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው ረሃብ ሲገባ ሀብቱን ለተራቡት አከፋፈለ። ልጆቹ በማያውቁት በላቲን ፋንታ በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ ማንበብ እንዲጀምሩ አደረገ፤ ተማሪዎችን እንደ ደረጃቸው በክፍል መደበ፤ ለገጠር መንደሮች የሚላኩ መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋምም ከፈተ። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጀምር ትምህርቱ ይገባዋል የሚለውና በኢትዮጵያም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተቀበለው ሐሳብ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በተግባር ተፈትኗል። ደ ላ ሳል በ1719 አረፈ። ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።

የሳሌዥያን ማኅበር መሥራች ዮሐንስ ቦስኮ ወይም ዶን ቦስኮ በበኩሉ በ1815 በሰሜን ጣልያን ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው፤ ያሳደገችው እናቱ ናት። ካህን ሆኖ ቱሪን ከተማ ሲገባ ከገጠር ለሥራ ፍለጋ የፈለሱ፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩና እስር ቤት የሚገቡ ወጣቶችን አገኘ። ማደሪያ ሰጣቸው፤ የልብስ ስፌት፣ የጫማ ሥራ፣ የእንጨት ሥራና የኅትመት ሙያ የሚማሩበትን ወርክሾፕም አቋቋመ። ከ1850ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወጣቶቹ ከሚሠሩላቸው የእጅ ባለሙያዎች ጋር የጽሑፍ ውል እንዲፈራረሙ ያደርግ ነበር። ባለሙያው ልጁን እንዳይደበድብ፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ እንዳያደክመውና የበዓል ዕረፍት እንዲሰጠው በውሉ ይጻፍ ነበር።

ከዶን ቦስኮ ጋር በ1872 የደናግሉን ማኅበር የመሠረተችው ማርያ ማዛሬሎም የገበሬ ልጅ ነበረች። ወጣት ሳለች በወይን ማሳ ትሠራ ነበር። የታይፈስ በሽታ አቅሟን ሲያሳጣት ስፌት ተማረችና የመንደሯን ሴት ልጆች ሰብስባ ሙያውን ከመልካም ጠባይ ጋር ታስተምር ጀመር።

ሦስቱም መሥራቾች ትምህርትን የተመለከቱት ድኻው ከድኽነቱ የሚወጣበትና ክብሩን የሚያስመልስበት መሣሪያ አድርገው ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ራሱን የሚመዝነውም ሆነ በሌላው ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ የተተወው ትምህርት

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ትምህርት ሲነሳ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ይቀሰቀሳል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 በዐድዋ አቅራቢያ ወደምትገኘው ፍሬሞና ደርሶ ልጆችን ማስተማር ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ግን ጉዳዩ ከትምህርት አልፎ ቤተ መንግሥት ገባ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርጉ ሀገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ፤ ኢየሱሳውያኑም ከሀገር ተባረሩ።

ቀጣዮቹ ሙከራዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1839 ወደ ትግራይ የመጣው ጣልያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሀገሬውን ቋንቋ ተማረ፤ የሀገሬውን ልብስ ለበሰ፤ የግዕዙንም ሥርዓት አከበረ። በዐዲግራት አቅራቢያ በጓላ ለካህናት ማሠልጠኛ የሚሆን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ከረዱት መካከል የጎጃሙ ተወላጅና የግዕዝ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ይገኙበታል። ዛሬም የዐዲግራት፣ የእምድብርና የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት፣ በዓላቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያከብሩት ይህ ቅርስ ተጠብቆ በመቆየቱ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መንግሥት ጉዳዩን በሕግ መልክ ያዘው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ ሀገሪቱን በሁለት ከፈለ። የኦርቶዶክስ እምነት በጸናባቸው አካባቢዎች ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሊከፍቱ ቢችሉም ሃይማኖታቸውን እንዲያስፋፉ አልተፈቀደላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጋበዟቸው ካናዳውያን ኢየሱሳውያንም ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩ ተስማምተው፣ የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው አስተማሩ። ከመካከላቸው አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኮሌጁ ለዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። ትምህርት ከግዴታ ጋር ሲጣመር ሰላም ያናጋል፤ ከግዴታ ሲለይ ግን ለሁሉም የሚተርፍ ፍሬ ያፈራል። የቫቲካን ጉባኤም ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ባወጣው የሃይማኖት ነጻነት መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ መገደድ እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጧል።

ሕጉ ምን ይላል?

ለወላጅ ዋነኛ ዋስትና የሚሆነው የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ማንም ሰው እምነቱን በሚገድብ ሁኔታ እንዳይገደድም ይከለክላል። በዚሁ አንቀጽ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት አላቸው። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከቶችና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነጻ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ያዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቋማትን መለየት ያስፈልጋል። የሃይማኖት ተከታዮች ሃይማኖታቸውን የሚያስተምሩባቸውን ተቋማት ማቋቋም ይችላሉ። የካህናት ማሠልጠኛ የሆነው ዘርዐ ክህነት፣ የኦርቶዶክሱ አብነት ትምህርት ቤትና የሙስሊሙ መድረሳ በዚህ ሥር ይመደባሉ። የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ ትምህርት ለሁሉም የሚሰጠው መደበኛ ትምህርት ቤት ግን፣ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም፣ የሚከተለው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ለሀገር አቀፉ ፈተና የሚቀመጡት እንደማንኛውም ተማሪ ነው።

ስለዚህ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ የካቶሊክ ሃይማኖት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አይሰጥም። ለካቶሊክ ልጆች የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርት ካለ ቦታው ከክፍል ውጭ፣ ጊዜውም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ፣ ተሳትፎውም በፈቃድ መሆን ይኖርበታል። ልጁ የራሱን ቤተሰብ ጾምና በዓል ሲያከብር፣ ጸሎቱንም ሲያደርስ መከበር አለበት።

ታዲያ ሃይማኖት በክፍል ውስጥ ካልተሰበከ ትምህርት ቤቱን ካቶሊክ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የማኅበራቱ መልስ የሚገኘው በአሠራራቸው ውስጥ ነው፤ እምነቱ የሚገለጠው መምህሩ ልጁን በሚይዝበት መንገድ ነው።

እሴቶቹ በዕለት ተዕለት ሥራ

የመጀመሪያው እሴት የልጁ ክብር ነው። ዶን ቦስኮ በ1877 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የማስተማር ዘዴውን በሦስት ምሰሶዎች ላይ አቁሞታል፦ በምክንያት ማስረዳት፣ ሃይማኖትና ፍቅር። ዘዴው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ ጥፋት እንዳይደርስ መከላከልን ያስቀድማል። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ ይጫወታል፤ ያያል፤ ይሰማል። አርሶ አደር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አረምን ገና በለጋነቱ መንቀል ዘሩን ካራገፈ በኋላ ከመድከም ይሻላልና። ዶን ቦስኮ በማንኛውም መልኩ መምታትን ከልክሏል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ውስጥ በአካላቸው ከሚፈጸም ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በመሆኑም «ጥብቅ ሥነ ሥርዓት» ማለት ሰዓት ማክበር፣ ንጽሕና፣ የቤት ሥራ መሥራትና ሰውን አለመናቅ እንጂ ዱላ ማለት አይደለም። የሚደበድብ መምህር ያለበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ካለ፣ ሕጉንም የራሱን መሥራችም አልታዘዘም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአበው ብሂል የሚስማማው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሥራ ክብር ነው። ተማሪ ክፍሉን ይጠርጋል፤ ግቢውን ያጸዳል፤ ችግኝ ይተክላል። ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያለ ልማድ ቢሆንም፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከመሥራቾቹ የወረደ ትርጉም አለው። የተማረ ሰው እጁን ከአፈርና ከዘይት የሚያርቅ ከሆነ ትምህርቱ ጎድሏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 ስለ ምድር እንክብካቤ ያወጡት «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘ ሐዋርያዊ መልእክት፣ አፈርን፣ ውኃንና ደንን መጠበቅ የእምነት ግዴታ እንደሆነ በማስተማሩ፣ የትምህርት ቤቱ ጓሮና የችግኝ ጣቢያ ተጨማሪ ክብደት አግኝተዋል። ለገጠር ወላጅ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። ልጁ ስለ ማዳበሪያ ዝግጅትና ስለ ዘር መረጣ በትምህርት ቤት ያየውን ይዞ ሲመለስ፣ ትምህርቱ ከማሳው አይለየውም።

ሦስተኛው አገልግሎት ነው። ተማሪ ያገኘውን ዕውቀት ለሌላው እንዲያካፍል ይበረታታል። ጎበዙ ደካማውን ያስጠናል፤ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ጉብኝት ይደረጋል፤ ለተቸገረ ባልንጀራ ደብተርና ልብስ ይሰበሰባል። በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ የሚሰጠው የግብረ ገብ ትምህርት በቃል የሚያስተምረው በዚህ በተግባር ይለመዳል።

አራተኛው የመምህሩ ጠባይ ነው። የ1965ቱ መግለጫ የትምህርት ቤቱ ዓላማ መሳካት ከሁሉ በላይ በመምህራኑ ላይ እንደሚመሠረት ያስረዳል። «ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ» እንዲሉ፣ መምህሩ የሚዋሽ ወይም የሚያዳላ ከሆነ በግድግዳ ላይ የተጻፈው እሴት ቀለም ብቻ ነው።

ለድኻ የቆመ ትምህርት ቤት ለምን ያስከፍላል?

ብዙ ወላጆችን የሚያከራክረው ይህ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን ደመወዙን፣ የሕንፃ ጥገናውን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃውንና የመጻሕፍቱን ወጪ በዋናነት ራሱ መሸፈን ይጠበቅበታል። ምንጮቹም ሦስት ናቸው፦ የወላጆች ክፍያ፣ የማኅበሩ ወይም የሀገረ ስብከቱ ድጎማና ከበጎ አድራጊዎች የሚገኝ ድጋፍ።

እነዚህ ምንጮች እንደ ሁኔታው ይለዋወጣሉ። የዕቃ ዋጋ ሲንር መምህሩ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ይሄዳል፤ መምህሩን ለማቆየት ክፍያ ይጨመራል፤ ክፍያው ሲጨመር የድኻው ልጅ ይወጣል። የውጭ ድጋፍም ዘላቂ ዋስትና የለውም። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ጥራቱ ስለታወቀ የሚከፍለው ይጎርፋል፤ የተመሠረተበት ምክንያት የሆነው ልጅ ግን ከበሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። በከተማ ያሉ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ይህን ፈተና ከገጠሮቹ ይልቅ ይበልጥ ይጋፈጡታል።

መፍትሔ ለማበጀት የሚያገለግሉ የታወቁ አሠራሮች አሉ። አንደኛው እንደ ቤተሰቡ ገቢ ክፍያን መቀነስ ወይም ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው። ሁለተኛው የተወሰኑ ተማሪዎችን ወጪ የሚሸፍን ደጋፊ ማፈላለግ ነው። ሦስተኛው ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ልጆች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ማደሪያ ማዘጋጀት ነው። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ የሚመላለሱ ልጆችን ድካም የሚያውቅ ሰው የማደሪያውን ጥቅም አይስተውም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የክፍያ ጊዜን ከመኸር ጋር ማስማማት ነው። አርሶ አደር በመስከረም የሌለውን ገንዘብ በጥር ሊያገኝ ይችላል። በመስከረም እንዲከፍል ሲገደድ ግን በሬውን ወይም ላሙን በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም በአራጣ ይበደራል። ክፍያውን እህል እስኪወቃ የሚታገሥ ትምህርት ቤት፣ ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ ብዙ ልጆችን በወንበራቸው ላይ ሊያቆይ ይችላል።

ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጠውም በምን መስፈርት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ተልዕኮው ለተቸገረው ቅድሚያ የሚሰጥ ከሆነ፣ መስፈርቱ የቤተሰቡ ችግር እንጂ የቤተሰቡ ሃይማኖት ሊሆን አይገባም። ለእርዳታ ሲባል እምነት እንዲለወጥ መጠየቅ የሀገሪቱን ሕግም የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርትም ይጻረራል።

የወላጅ ድርሻ

የካቶሊክ ትምህርት ሰነዶች ሁሉ ወላጅን የመጀመሪያ አስተማሪ አድርገው ያስቀምጣሉ። ይህ ለወላጅ ክብርም ኃላፊነትም ነው። የደ ላ ሳል ወንድሞች ከጥንት ጀምሮ ከሚቸገሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ቤተሰብ ልጁን ለሥራ ሲፈልገው ከትምህርት ማስቀረቱ ነበር። መምህራን ማንበብና መጻፍ ለእጅ ባለሙያ እንኳ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለወላጅ እንዲያስረዱ ይመከሩ ነበር። ዛሬም በአጨዳና በውቂያ ሰሞን፣ በገበያ ቀንም፣ የገጠር ክፍሎች ይሳሳሉ። ልጅ ቤተሰቡን መርዳቱ መልካም ነው። ከትምህርቱ ሰዓት ሲሻማ ግን የተከፈለው ገንዘብም የመምህሩም ድካም ይባክናል። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱና ወላጁ ተመካክረው የሥራ ሰሞኑን የሚያግባባ መላ መፈለግ አለባቸው።

በከተማ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ወላጅ ከፍሏልና ሁሉን ነገር ከትምህርት ቤቱ ይጠብቃል። ልጁ በትምህርት ቤት እውነት መናገርን ተምሮ በቤቱ «አባዬ የለም በል» ከተባለ፣ የቤቱ ትምህርት ያይላል።

ከምዝገባ በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የሚከተሉትን መጠየቅ መብቱ ነው።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራው ማን ነው? ሀገረ ስብከት ወይስ ማኅበር? የመሥራቹ ዓላማስ ምን ነበር? ትምህርት ቤቱ ሕጋዊ ፈቃዱንና የዕውቅና ደረጃውን ማሳየት ይችላል?

ሁለተኛ፣ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርት ወይም ጸሎት አለ? ካለ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ልጅ ባለመሳተፉ የሚደርስበት ጫና ይኖራል? የልጁን የጾምና የበዓል ቀናት በተመለከተ ያለው ልማድ ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ ልጅ ሲያጠፋ ምን ይደረጋል? መምህር ልጅ ቢመታ ወላጅ ለማን ያመለክታል? የመተዳደሪያ ደንቡ በጽሑፍ ለወላጅ ይሰጣል?

አራተኛ፣ ጠቅላላ ክፍያው ስንት ነው? ከወርሃዊው ክፍያ ውጭ የመመዝገቢያ፣ የዩኒፎርምና የመጻሕፍት ወጪ ምን ያህል ነው? ጭማሪ ሲታሰብ ወላጆች ይሰበሰባሉ? ክፍያን ወደ መኸር ማሸጋገር ይቻላል?

አምስተኛ፣ ነጻ የሚማሩ ልጆች አሉ? የሚመረጡት በምን መስፈርት ነው? ነጻ መማራቸውስ ከሌሎቹ ልጆች ተለይተው እንዲሸማቀቁ እንዳያደርግ ምን ጥንቃቄ ይደረጋል?

ስድስተኛ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በእርግጥ ይሰበሰባል? አርሶ አደሩ ሊገኝበት በሚችልበት ቀንና ሰዓት ነው የሚጠራው?

እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ትምህርት ቤት ተልዕኮውን ያውቀዋል። የሚሸሽ ወይም የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ፣ የስሙ ታዋቂነትና የሕንፃው ማማር ብቻውን በቂ ዋስትና አይሆንም። ጥያቄዎቹን ጽፎ መያዝ፣ ያልገባውን ደግሞ መጠየቅ፣ የሚቻል ከሆነም ልጆቻቸውን በዚያ የሚያስተምሩ ጎረቤቶችን ማማከር ይጠቅማል። በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ መምህራኑ ከልጆቹ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ማየትም ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ጫማ የሌለው ልጅ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሲጫወት ከታየ፣ ተልዕኮው በሥራ ላይ ነው።